ከፍታ ላይ የሚጋገር የአጃና የፍራፍሬ ቁርስ፦ ጠርዙ ደርቆ መሀሉ ለምን ይረጥባል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም እህቴ። ቨርጂኒያ ሳለሁ አጃ ከፖምና ከብሉቤሪ ጋር በኦቨን እየጋገርኩ ለልጆቼ ቁርስ እሰጣቸው ነበር። በጣም ይወዱታል። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከገባን ወዲህ ግን ያው አሠራር እምቢ አለኝ። ጠርዙ ይደርቃል፣ መሀሉ ጥሬ ይሆናል፣ ፖሙ አይበስልም፣ ብሉቤሪው ሥር ይዘቅጣል። የማደርገው ሁለት ኩባያ አጃ፣ ሁለት ኩባያ ወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ ኩባያ ቡናማ ስኳር ነው። ኦቨኑ 350 ላይ፣ ለ35 ደቂቃ። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፣ ስኳር አለባት። እሷም ብትበላልኝ ደስ ይለኛል። በጾም እንዴት እንደምሠራውም ንገሪኝ።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺም ለቤተሰብሽም ይሁን። ጥያቄሽን በዝርዝር ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ፤ መጠኑን ባትነግሪኝ ኖሮ በግምት ነበር የምመልሰው። ያስቸገሩሽ ነገሮች አራት ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ውሃ ነው። አጃው ስንት ይጠጣል፣ ፍራፍሬው ስንት ይለቃል፣ አየሩ ስንት ይወስድብሻል፤ ይህን ከያዝሽ ቁርስሽ ይመለሳል።

መጀመሪያ ስለ ከፍታው ላውራሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሐበሻ የሚበዛባቸው እንደ አሌክሳንድሪያ ያሉ ከተሞች ለባሕር ወለል ቅርብ ናቸው። ዴንቨርና ጎረቤቷ ኦሮራ ግን 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጠዋል። ቨርጂኒያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚፈላው ውሃ አሁን አንቺ ቤት 95 ገደማ ላይ ይፈላል። ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በከፍታ ከዴንቨርም ትበልጣለች፤ እዚያ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ባቄላ ወይም ሽምብራ ያለ ፕሬሸር ኩከር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እናትሽን ብትጠይቂያቸው ይነግሩሻል። ምክንያቱ ያው ነው።

ይህ ሳህንሽ ውስጥ ምን ያደርጋል? ጠርዙ ቶሎ ይግላል። እዚያ ያለው ወተት አጃው ጠጥቶ ሳይጨርስ ይተናል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ይብሳል። መሀሉ ጋ ደግሞ ሙቀቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እርጥብ ነገር ውሃው እስካለ ድረስ ከመፍያው በላይ አይሞቅም፣ ያንቺ መፍያ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው።

በዚህ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩ አለ። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ጋዙ በቀላሉ ይነፋል። እንቁላሉና አጃው ገና ሳይጸኑ ሁሉም ቶሎ ያብጥና መልሶ ቁጭ ይላል። ቁጭ ያለው መሀል ጥቅጥቅ ብሎ እርጥብ ይሆናል። ጥሬ ነው ያልሽኝ እሱን ነው ብዬ አምናለሁ። ስኳርም ሲበዛ እንቁላሉና ስታርቹ እንዲጸኑ ተጨማሪ ሙቀት ይጠይቃል። ግማሽ ኩባያሽ በዚህ በኩልም እየጎተተሽ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወተቱን ይቀንሳል። መሀሉ ከረጠበ ፈሳሹ በዝቷል ማለት ነው ብሎ። እባክሽ እንዳታደርጊው። ወተቱን ከቀነስሽ ጠርዙ ጭራሽ ብስኩት ይሆናል፤ መሀሉም የሚጠጣው አጥቶ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ወተቱን ትጨምሪያለሽ፣ ግን አጃው ኦቨን ከመግባቱ በፊት እንዲጠጣው ጊዜ ትሰጪዋለሽ።

የመዘፍዘፉን ነገር በደንብ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ ፋይበር አለ። ፈሳሽ ሲያገኝ ልክ እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ዝልግልግ ይላል። ወተቱን አቅፎ የሚይዘው ይሄ ዝልግልግ ነገር ነው። ደረቅ አጃ ላይ ወተት አፍስሰሽ ወዲያው ኦቨን ከከተትሽ አጃው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀጭኑ ወተት ሥር ይቀመጣል፣ ብሉቤሪውም የሚይዘው ስለሌለ ይወርዳል። ከተዘፈዘፈ ግን ሊጡ ወፈር ይላል። ፍሬው ባስቀመጥሽው ቦታ ይቆያል። ዝቅ ባለ ቦታ ያለ ሰው ይህን ሳያደርግ ሊሳካለት ይችላል፤ አንቺ ግን አሁን የሚያሳልፍሽ አይመስለኝም።

ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ወተቱን ጣት እስኪችለው ለብ አድርገሽ አጃው ላይ ማፍሰስና 30 ደቂቃ መተው ነው። ሁለተኛው ማታ አጃውን፣ ወተቱን፣ ጨውንና ቀረፋውን ቀላቅለሽ ፍሪጅ ማሳደር። ትምህርት ቤት ላለባቸው ልጆች ሁለተኛው ይመቻል። ግን ቤኪንግ ፓውደሩን ማታ እንዳትጨምሪው። እርጥበት ሲያገኝ መሥራት ይጀምርና ጉልበቱ ከፊሉ ሌሊቱን ያልቃል። ጠዋት ከእንቁላሉ ጋር ይግባ።

ስለ አጃው ዓይነት አልነገርሽኝም፣ ስለዚህ ማሸጊያውን እይልኝ። የሚፈለገው «ኦልድ ፋሽንድ» ወይም «ሮልድ ኦትስ» የሚለው ነው። ፋብሪካ ውስጥ አጃው ከገለባው ይፈለፈልና በእንፋሎት ይሞቃል። ያለዚያ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ስቡን ያበላሸውና አጃው ይመራል። ከዚያ በከባድ ሮለር ይደፈጠጣል። «ኩዊክ» የሚለው መጀመሪያ ተቆራርጦ በጣም ስስ ተደርጎ የተደፈጠጠ ነው። ቶሎ ይጠጣል፣ ግን ተጋግሮ ሲወጣ ለጥ ያለ ነገር ይሆናል፤ ሲታኘክ የሚሰማ ነገር የለውም። «ስቲል ከት» ደግሞ ሳይደፈጠጥ የተከተከተ ነው። እሱን በዚህ አሠራር ብታስገቢው ጥርስ ላይ ጠጠር ይሆንብሻል። ሌላ ልኬትና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል።

እናትሽ ከአገር ቤት የአጃ ዱቄት ይዘው መጥተው ከሆነ እሱን ለአጥሚትና ለገንፎ አስቀምጪላቸው። የኛ አገር አጃ ደጋ ላይ ከገብስ ጋር እየተቀላቀለ የሚበቅል፣ ጣዕሙ ደስ የሚል እህል ነው። ግን ለዚህ ምግብ ዱቄት አይሆንም። ይህ ጋገራ የሚጣፍጠው የተደፈጠጠው አጃ ቅርጹን እንደያዘ ሲቀር ነው።

እንግዲህ ልኬቱ። ለ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን፣ በእናንተ አነጋገር 8 ኢንች፣ 180 ግራም አጃ ውሰጂ። ሁለት ኩባያ ገደማ ነው። ግን ሚዛን ካለሽ በሚዛን ይሁን፤ የአንዱ ሰው ኩባያ 80 ግራም ሲይዝ የሌላው 100 ይይዛል፣ ይሄ ልዩነት ብቻውን ጋገራውን ይለውጠዋል። ወተቱ 560 ሚሊ ሊትር ይሁን፣ ሁለት ኩባያና ሲሶ። እንቁላሉ ሁለት ይቆይ። ቤኪንግ ፓውደሩን ከአንድ ተኩል ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ አውርጂው። ስኳሩን ወደ ሩብ ኩባያ፣ 50 ግራም ገደማ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ትንሽ ቫኒላ። ጨውን በጥያቄሽ ውስጥ አላየሁትም። ያለ ጨው አጃ ጣዕም የለውም፣ ስኳር የሚበዛበትም አንዱ ምክንያት ያ ነው።

ኮረሪማ ቤት ውስጥ ካለ የሁለት ፍሬ ዘር ወቅጠሽ ጨምሪበት። ከፖም ጋር እንዴት እንደሚስማማ ልነግርሽ አልችልም፣ ቅመሺው።

ከፍታ ላይ ለሚጋግር ሰው በአሜሪካ የተለመደው ምክር በ1,500 ሜትር አካባቢ ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ከ2 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ጨምር፣ ለእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ከስምንተኛ እስከ ሩብ ቀንስ፣ ኦቨኑን ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ፋራናይት ከፍ አድርግ የሚል ነው። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሕዝቡን የሚያማክረው የኤክስቴንሽን ክፍል ለአካባቢው ነዋሪ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያወጣቸው መመሪያዎች አሉ፣ ኬክና ዳቦም የምትጋግሪ ከሆነ ፈልገሽ አንብቢያቸው። እኔ የሰጠሁሽ ልኬት በዚሁ ውስጥ ያለ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ብቻ ትንሽ አጥብቄ ቀንሼዋለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ምግብ እንደ ኬክ መነፋት አይጠበቅበትም።

ኦቨኑ ከ350 ወደ 375 ፋራናይት ይውጣ፣ 190 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ሳህኑን በፎይል ሸፍኚው። እንፋሎቱ ውስጡ ይቆይና ጠርዙ አይደርቅም። ከዚያ ፎይሉን አንስተሽ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጨምሪለት፣ ላዩ ቡናማ እንዲሆን። በስኳር ፈንታ ማር ከተጠቀምሽ ማር ቶሎ ስለሚጠቁር ከፎይሉ በኋላ ዓይንሽን አትንቀይ።

መብሰሉን በሰዓት ብቻ አትመኚ። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ መሀሉን ውጊው። 180 ፋራናይት፣ 82 ሴንቲግሬድ፣ ካለፈ ደርሷል። እንቁላል ያለበት ምግብ ለደኅንነት 160 ፋራናይት መድረስ አለበት ይባላል፤ የኛ ከዚያ በላይ የሚሄደው አጃው እንዲጸና ነው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ሳህኑን ነቅነቅ አድርጊው። መሀሉ ውሃ ሆኖ ከተንቀጠቀጠ ይቆይ። ላላ ብሎ ግን አንድ ላይ ከተንቀሳቀሰ አውጪው። ከወጣ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሳትነኪው ይረፍ። ያን ጊዜም እየበሰለና ወተቱን እየጨረሰ ነው። ወዲያው የተቆረጠ ሳህን ሁልጊዜ ጥሬ ይመስላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እባክሽ አትለፊው። ሳህንሽ የመስታወት፣ ማለት ፓይሬክስ ከሆነ፣ ከፍሪጅ አውጥተሽ በቀጥታ ትኩስ ኦቨን ውስጥ እንዳትከቺው። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ መስታወቱን ሊሰብረው ይችላል፣ ሲሰበርም ተበታትኖ ነው። የበረዶ ፍራፍሬም ትኩስ መስታወት ላይ አይጣል። ማታ ስትዘፈዝፊ በሌላ ጎድጓዳ ሳህን ዘፍዝፊና ጠዋት ወደ መጋገሪያው ገልብጪው። የብረት መጋገሪያ ቢኖርሽ ደግሞ ይሻላል፣ ሙቀቱን ቶሎ ያደርሰዋል።

ከፍሪጅ የወጣው አጃ ላይ ትኩስ ቅቤ ብታፈሺ ቅቤው ወዲያው ይረጋና ይጓጉላል። ኦቨኑ እስኪሞቅ አጃው ውጭ ይቆይ፣ ወይም ቅቤውን መጨረሻ ላይ ከላይ ከላይ አንጠባጥቢው። ከላይ ሲሆን ላዩን ጥርት ያለ ቡናማ ያደርግልሻል። እኔ ይሄኛውን ነው የምወደው።

አሁን ወደ ፍራፍሬው እንምጣ። እዚህ ጋ ነው ጨዋታው ያለው።

ፖም ጠንካራ ነው። በ95 ዲግሪ የሚፈላ ጭማቂ ውስጥ ያለ ወፍራም የፖም ቁራጭ በ45 ደቂቃ ላይለሰልስ ይችላል። ስለዚህ ሁለት መካከለኛ ፖም ልጠሽ በስሱ ክተፊ፣ ትንሽ ቅቤና ቀረፋ ጨምረሽ መጥበሻ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል አገላብጪው። ውሃውን ይለቅና ይተናል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል። ግማሹን ሳህኑ ሥር ዘርጊ፣ ግማሹን አጃው ውስጥ ቀላቅይ። ዓይነቱ «ግራኒ ስሚዝ» የሚባለው አረንጓዴው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ይኮመጥጣል፣ ቅርጹንም ይይዛል።

ብሉቤሪው የበረዶ ከሆነ አታሟሚው። ከሟሟ ውሃውንና ቀለሙን ለቅቆ ሁሉንም ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ከፍሪዘር እንደወጣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ነስንሰሽበት፣ ሊጡ መጋገሪያው ውስጥ ከገባ በኋላ ከላይ በትነሽ በማንኪያ ጀርባ ትንሽ ጫን አድርጊው። አንድ ኩባያ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር ሲያልቅብሽ በቤኪንግ ሶዳ እንዳትተኪው። ብሉቤሪን የሚያቀላው ቀለም ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል፣ ልጆች ደግሞ አረንጓዴ ቁርስ አይወዱም።

በጋ ላይ ኮሎራዶ ውስጥ ያለሽበትን ዕድል ተጠቀሚ። ፓሊሴድ ከሚባለው ከምዕራቡ ክፍል የሚመጣው ኮክ በጣም የታወቀ ነው፣ ነሐሴ ላይ ገበያው ይሞላል። ብዙ ጭማቂ ስላለው ከትፈሽ በንጹሕ ፎጣ ወይም በወረቀት አድርቂው፣ ወተቱንም አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀንሺለት። ወተት ቀንሺ የምልሽ እዚህ ብቻ ነው።

ሙዝ የበሰለ ከሆነ ጥሩ ነው። በቁመቱ ቆርጠሽ ሥሩ ላይ ብትደረድሪው ስኳሩ ቡናማ ሆኖ ይጣፍጣል። ማንጎም ይሆናል። ጥሬ አናናስና ጥሬ ፓፓያ ግን ከወተትና ከእንቁላል ጋር አይስማሙም። ፕሮቲን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አላቸው፤ ሌሊቱን ከወተት ጋር ካደሩ ወተቱ ይመራል። አናናስ ካማረሽ የቆርቆሮውን ተጠቀሚ፣ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል። ዘቢብና ተምር ከሆነ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ያለዚያ ለአጃው ያስቀመጥሽውን ወተት እነሱ ይጠጡታል።

ዋልነት ወይም ለውዝ ከላይ ብትበትኚ ደስ ይላል፣ የሚያስቸግረው ልጅ ከሌለ።

ምግቡ የማን እንደሆነ ለማወቅ ከፈለግሽ፣ በአሜሪካ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር አካባቢ ከሚኖሩት ከአሚሽና ከሜኖናይት ማኅበረሰቦች ጋር ነው። የነሱ ጣፋጭነቱም ቅቤውም ይበዛል። ከእርሻ ሥራ በፊት የሚበላ ስለሆነ ይገባኛል። ለኛ ግን ያን ያህል አያስፈልገንም።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ስኳር ላለበት ሰው አጃ ከብዙ የቁርስ ዓይነቶች የተሻለ ነው። ያ ዝልግልግ ፋይበር አንጀት ውስጥም ሥራውን ይሠራል፣ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ለኮሌስትሮልም ይጠቅማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1997 የአጃ አምራቾች ይህን በማሸጊያቸው ላይ እንዲጽፉ የፈቀደው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የሚለውን መለኪያ ይዞ ነው። ይህን ለማግኘት በቀን 75 ግራም ገደማ ደረቅ አጃ ያስፈልጋል። ከላይ የሰጠሁሽ ሳህን ለስድስት ሲቆረጥ አንዱ ቁራጭ 30 ግራም አጃ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ይጠቅማል፣ ግን መድኃኒት አይደለም።

ሒሳቡን ልንገርሽ። አንድ ቁራጭ፣ ስኳሩ ሩብ ኩባያ ሆኖ፣ ከ40 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ካርቦሃይድሬት አለው። 20ው ከአጃው፣ 9 ገደማው ከፍራፍሬው፣ 8ቱ ከተጨመረው ስኳር፣ የቀረው ከወተቱ ነው። የእሳቸውን ያለ ስኳር ብትጋግሪው ወደ 34 ይወርዳል። ጣፋጭነቱን ፖሙና ቀረፋው ይሸፍኑታል፣ እመኚኝ። በጣም የበሰለ ሙዝ፣ ተምርና ዘቢብ በእሳቸው በኩል አይግቡ። ማርም ስኳር ነው። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ለስኳር ሕመምተኛ በልግስና ሲሰጥ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ከቁራጩ ጎን አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ያልጣፈጠ እርጎ ይኑር። ፕሮቲኑ ጥጋቡን ያቆየዋል።

በሉ ብሎ መተው ግን አይበቃም። የመጀመሪያ ቀን ከመብላታቸው በፊት የደም ስኳራቸውን ይለኩ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም ይለኩ። ቁጥሩ የሚነግርሽን እኔ ልነግርሽ አልችልም። ኢንሱሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የቁርሱን ለውጥ ሐኪማቸው ይወቀው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ጋግረሽ የልጆቹ ላይ ከላይ ጥቂት ስኳር ብትነሰንሺ ሁለት ሳህን ከማጠብ ትድኛለሽ። ይልቅ የሙፊን መጋገሪያ ካለሽ ይሄኔ አውጪው። ያው ሊጥ 12 ጉድጓድ ውስጥ ይከፋፈላል፣ 375 ላይ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ ይበስላል፣ ፎይልም አይፈልግም። ለእናትሽ ያለ ስኳር፣ ለልጆቹ በስኳር፣ አንድ መጋገሪያ ላይ። ደግሞም ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ መሀሉ ቶሎ ይደርሳል። መሀሉ ረጠበብኝ የሚለው ችግር እዚያው ያልቃል።

የግሉተን ችግር ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የተጻፈበትን አጃ ብቻ ግዢ። አጃ ራሱ ስንዴ አይደለም፣ ግን በእርሻና በፋብሪካ ከስንዴና ከገብስ ጋር ይነካካል። ብሉቤሪው ላይ የምትነሰንሺውንም ዱቄት በበቆሎ ስታርች ተኪው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር የገባበትን እንዳትሰጪ። ተጋግሮም ቢሆን።

አሁን የጾሙ። ይህ ምግብ ለጾም ይመቻል፣ ምክንያቱም የሚያያይዘው ነገር ግማሹ አጃው ራሱ ነው። በሁለቱ እንቁላል ፈንታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በስድስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ አስቀምጪ። ተልባው ከተቆላ የሚያያይዝ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለዚህኛው ሳይቆላ የተፈጨውን ተጠቀሚ። ለወተቱ 560 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት። ከገበያው ካሉት የጾም ወተቶች ፕሮቲኑ ለላም ወተት የሚቀርበው እሱ ነው፣ ስለዚህ ሲጋገር ይጸናል። የአልመንድና የአጃ ወተት ቀጭን ናቸው፣ ይሆናሉ ግን ላላ ይላል። በቅቤው ምትክ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አንድ የበሰለ ሙዝ ፈጭተሽ ብትጨምሪ ስኳሩን በጣም መቀነስ ትችያለሽ፤ ለእናትሽ ከሆነ ሙዙን ተዪው።

እንቁላል ስለሌለው ለመጽናት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጨማሪ ይፈልጋል፣ ዕረፍቱም ወደ 20 ደቂቃ ይርዘም። በወተትና በእንቁላል እንደተሠራው ጥብቅ አይሆንም፣ ለስለስ ይላል። እንደዚያው ነው የሚያምረው። በዓቢይ ጾም ልጆቹ ጠዋት ይበሉታል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሞቅ አድርጋችሁ ትበሉታላችሁ። ባዶ ሆድ ላይ ስለማይከብድ ለዚያ ሰዓት እኔ እመርጠዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት 45 ደቂቃ ኦቨን ፊት መቆም ከልጆች የአውቶቡስ ሰዓት ጋር አይሄድም። እሑድ ማታ ጋግሪው። ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከኦቨን ከወጣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው፣ ከድነሽ ፍሪጅ ክተቺ፤ አራት ቀን ይቆያል። በቁራጭ በቁራጭ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ብትከቺው ሁለት ወር ይሄዳል። ፍሪጅ ያደረ አጃ ስታርቹ ስለሚጠነክር ደረቅ ይመስላል፣ አልተበላሸም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት አፍስሺበት፣ በሳህን ክደኚና ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ አሙቂው። ወተቱን ሳትጨምሪ ካሞቅሽው ጠርዙ እንደገና ይደርቅብሻል።